የተቃና እግር

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሀዲስ፤ ባለህበት ሰላም ይስጥህ፤ ከክፉ በሽታና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። እኔ የብርጓል፣ ሥላሴ ይመስገኑ፣ ጣቴን መበየጃው ካቃጠለኝ በቀር ደህና ነኝ።

ዳታ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅህንም ፊትህንም ካጣን ሦስት ወር ሊሞላን ነው። ስልኩ እንደሆነ ከከተማ ከተማ እንጂ ወደ ውጭ አልደውልም ብሏል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለጌትነት ያደርስልኛል፤ እሱ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል። አንተም መልስህን ለእሱ ላክለት፤ አትሞ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ይሰጠዋል። የጌትነትን ጠባይ ታውቃለህ፤ አሳልፍ የተባለውን ደብዳቤ ሳያነብ አያሳልፍም። የልጃገረድ ጉዳይ ካለህ በሌላ መንገድ ላከው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቴሌቪዥን፣ ስታቢላይዘርና የውሃ ፓምፕ ስጠግን ኖሬ ዘንድሮ የኦክስጅን ማሽን መጣብኝ። ሲሊንደር በመንገዱ ምክንያት እንደ ልብ አይገባም፤ ስለዚህ ሳንባው የደከመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማሽን ፈልጎ አስገብቷል። አብዛኛው አሮጌ ነው። ሁሉም የሚታመመው ደግሞ በአንድ ቦታ ነው፤ ሞተሩን የሚያዝዘው ባለ ስምንት እግር አይሲ፣ ያች ትንሿ ጥቁር ቺፕ፣ ይቃጠላል። መርካቶ የሚሸጠው አስመስለው የሠሩት፣ ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሌላ አሮጌ ቦርድ እየነቀልሁ እተክላለሁ። ሲነቀል እግሩ ይጣመማል፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ላይ። የፀጉር ያህሏን ጠማማነት ዓይኔ አያያትም። በየድሁት ብዬ ደስ ሲለኝ አንዱ እግር ሳይነካ ቀርቶ ይገኛል፤ ማሽኑ ጠዋት ይነሣና ከሰዓት በኋላ ይተኛል።

አንተ እዚያ የምትሠራው እግራቸው የተጣመመ ሴሚኮንዳክተሮችን የሚመረምር መሣሪያ መንደፍ ነው ብለኸኝ ነበር። ያኔ ‘አገር ተሻግሮ የጠማማ እግር ወጌሻ ሆነ’ ብዬ ሳቅሁብህ። ይቅር በለኝ፤ ወጌሻው አስፈልጎኛል። በቤት በሚገኝ ዕቃ የምሠራው መሣሪያ ንደፍልኝ። በሰፈራችን አንድ አዛውንት መምሬ አሉ፤ እስትንፋሳቸው በማሽን ነው። ማሽናቸው በቆመ ቁጥር ከንፈራቸው ይጠቁራል። እባክህ አትቆይብኝ።

አባቴ የኔታ ገብረ መስቀል ደህና ናቸው። ‘የእኅቴን ልጅ በሄደበት ሞገስ ይስጠው’ ብለውሃል።

የብርጓል


ፔናንግ፣ ማሌዥያ
ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ለየብርጓል፤ ለእጅሽ ምሕረት፣ ለቤትሽ ሰላም እመኛለሁ። እናቴ ስትሞት ከእናንተ ሳይለዩ ያሳደጉኝን የኔታን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ዝናቡ አያባራም እንጂ ሌላ የሚከፋኝ የለም።

‘ወጌሻ’ ማለትሽን ለባልደረቦቼ ተርጉሜ ነገርኋቸው፤ አልገባቸውም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ። ሥራዬ እንዲህ ነው። በነደፍሁት መሣሪያ ፊት በቀን መቶ ሺህ አይሲ ያልፋል። አራት ካሜራ ከአራት ጎን ያየዋል። አንድ እግር ከሚገባው በላይ ከተጣመመ የአየር ቱቦ እፍ ብሎ ወደ ቀይ ሣጥን ይጥለዋል። ቀይ ሣጥን የገባ አይመለስም፤ ይፈጫል። ‘ለምን አቃንታችሁ አትሸጡትም?’ ብዬ ብጠይቅ ‘ሕግ ነው’ አሉኝ። ሀብታም ሲያባክን ሕግ ያወጣለታል።

ለአንቺ አራት ካሜራ አያስፈልግሽም። ከተበላሸ ኮፒ ማሽን ላይ መስተዋቱን አውጪ፤ የመስኮት መስተዋት ወለም ያለ ነው፣ አይሆንም። በሥሩ ባለ ሚሊሜትር ወረቀት ለጥፊ። አይሲውን በእግሮቹ አቁሚው። ከላይ የእጅ ባትሪ ስቀዪ፤ በጎን የሰዓት ሠሪ ማጉያ ስልክሽ ካሜራ ላይ በጎማ አሥረሽ ከመስተዋቱ እኩል ዝቅ አድርጊው። ስምንቱም እግር በአንድ መስመር ከቆመ ደህና ነው፤ አንዱ ከፍ ካለ ጣይው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኔታ ድሮ በቴሌግራም ስትጽፊልኝ እንኳ አንድ መስመር በእጃቸው ጽፈው ፎቶ አስነሥተው ይልኩልኝ ነበር። አሁን ደብዳቤ እየተጻፈ እንዴት ፊደላቸውን ሳላይ ቀረሁ? ቅር ያላቸው ነገር አለ?

ሀዲስ


ባሕር ዳር
ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሀዲስ፤ እንኳን ለጽዮን ማርያም በዓል… አይ፣ በዓሉ ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው፤ ደብዳቤው እስኪደርስህ ደግሞ ገና ይሆናል። ብቻ ጤና ይስጥህ።

መሣሪያህን ሠራሁት፤ አልሠራም። ባትሪውን ከላይ ስሰቅለው መስተዋቱ እያንጸባረቀ ስምንቱም እግር አንድ ይመስላል። ሦስት ቀን ተነጫነጭሁ። ተናድጄ ‘ይሄ ፈረንጅ አገር የከረመ ሰው ለባሕር ዳር መንደፍ ረስቷል’ ስል የኔታ ጋደም ካሉበት ሰምተው ‘ምንድን ነው?’ አሉኝ። ነገርኋቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‘እኔ ብራና ሳሰምር ማስመሪያው መግጠሙን ከላይ አላይም ነበር። መብራቱን ዝቅ አድርጌ በጎን አኖርና ጥላውን አያለሁ። ማስመሪያው ብራናውን ከነካው ጥላው ከሥሩ ይጀምራል፤ ካልነካው በመካከል ብርሃን ይገባል።’ ይህን ተናግረው እስኪጨርሱ ሦስት ጊዜ አረፉ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል።

ባትሪውን አወረድሁት። ወይ ጉድ! መስተዋቱን የነካ እግር ከጥላው ጋር ይገናኛል፤ ያልነካው ከጥላው ይለያል። የፀጉር ሩብ ያህሏን እንኳ አየሁ። የኔታ ያልጻፉልህ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ ቅር አላላቸውም፤ ክፉ ክፉውን አታስብ።

ዳሩ ምን ዋጋ አለው። ከየቦርዱ የለቀምኋቸውን ሠላሳ አራት አይሲዎች አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሠላሳ ሁለቱ ወደቁ። ሁለት አለፉ፤ ሁለቱም ድሮውኑ የተቃጠሉ ሆነው ተገኙ። ጠማማውን ላቃና ብል ደግሞ በወረንጦዬ ጫፍ ላይ ይሰበራል። መሣሪያው ያሳየኝ ምንም እንደሌለኝ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደል? ወንድምዓለም፣ አንተ በዚህ ነገር ተከበህ ነው የምትውለው። አዲስ አይሲ፣ አሥርም ይሁን ሃያ፣ ፈልግልኝ። መምሬው ባለፈው ማክሰኞ ማሽናቸው ቆሞ በሰው ሲሊንደር ነው ያደሩት። ያም ሲሊንደር አለቀ።

የኔታ ‘መድኃኔ ዓለም እጅህን ይባርክ’ ብለውሃል።

የብርጓል


ፔናንግ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤ ለአንቺም ለየኔታም እንኳን ለገና አደረሳችሁ።

የየኔታ ጥላ እዚህ ጉድ ሠራ! አራት ካሜራ የሚለፋበትን በአንድ ካሜራ አየነው። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‘ከየት አመጣኸው?’ ቢለኝ ‘ከአጎቴ፣ ከብራና ጸሐፊው’ አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የጠየቅሽኝን ልኬያለሁ። ክንዱን ታውቂው የለ፣ እዚያ ኮሌጅ የሚያስተምረው? እዚህ ለሥልጠና ከርሞ ነገ ይበራል። አርባ አይሲ ሰጥቼዋለሁ፤ አሥር አላልሁም፣ አርባ። አንድ በአንድ በመሣሪያዬ አይቻቸዋለሁ፤ አንዲት ጠማማ የለችባቸውም። ከአለቆቼ ጋር ስለምግባባ ማግኘቱ አላስቸገረኝም፤ ዋጋ ምናምን ብለሽ እንዳታነሺብኝ። መምሬውን ቶሎ አድኚልኝ፤ እኔንም በጸሎታቸው ያስቡኝ።

ሀዲስ


ባሕር ዳር
ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለመመኪያዬ ለሀዲስ፤ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልኝ፣ እኔ አልችልበትምና!

ክንዱ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ተጓትቶ በጥር ሁለት ገባ። ዕቃውን ገና በእጁ እንዳለ ነጠቅሁት። አርባዎቹንም በመስተዋቴ ላይ አቆምኋቸው፤ ጥላና እግር እንደ ባልና ሚስት ተገናኝተዋል። እልል አልሁ፤ የጎረቤት ሰው ልጅ ተወለደ ወይ ብሎ መጣ። በዚያው ቀን የመምሬውን ማሽን ከፍቼ አንዷን በየድሁ። አበራሁት፤ እየተንዶቆዶቀ ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈራቸው ቀላ፤ ‘ለጥምቀት ማኅሌት ቆሜ አድራለሁ’ ብለው አሣቁን። ይኸው ሰባት ቀን ሙሉ አልቆመም። እኔም ሰባት ቀን ተኛሁ።

ሁለተኛዋን በጎርጎራ ላሉ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ለሚባሉ መነኵሲት ተከልሁ። ማሽናቸውን በጀልባ አስጭነው ልከውልኝ ነበር፤ በጀልባ መለስሁላቸው። ሌላ የተሰበረ ማሽን ገና አልመጣልኝም፤ ሠላሳ ስምንቱን በጥጥ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ።

አንዲት ነገር ብቻ። በአንዳንዶቹ እግር ላይ በማጉያው ሳይ ቀጭን ጭረት አለ፤ ወረንጦ የያዘው ይመስላል። አዲስ ዕቃ ጭረት ይኖረዋል እንዴ? ነገር ፍለጋ ሳይሆን ገርሞኝ ነው።

የኔታ አንተን ያነሣሉ፤ ‘ያ ልጅ ሳላውቀው ካህን ሆኗል፤ ነፍስ ይታደጋል’ ብለውሃል። ይህን ቃል እኔ አልጨመርሁበትም፤ የራሳቸው ነው።

የብርጓል


ፔናንግ
ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤ ጤናሽን እመኛለሁ። የኔታ ያሉኝን አነበብሁ፤ ለእንዲህ ዓይነት ቃል አልበቃም፤ እንደዚህ አትበሉኝ።

ጭረቱ የማሸጊያው ነው፤ አያሳስብሽ።

ሌላ የምነግርሽ ቢኖር፣ እነዚያን አይሲዎች ለቴሌቪዥንና ለፓምፕ ብታውያቸው የሚሻል ይመስለኛል። አንዳንዶቹ ንዝረትና ሙቀት ሲደጋገምባቸው አይወዱም የሚል ነገር እዚህ ሰምቻለሁ። ለመምሬውና ለእማሆይ ሌላ ዓይነት ፈልጌ እልክልሻለሁ፤ ያኔ ትቀይሪላቸዋለሽ። የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ሲመችሽ ነው።

የየኔታን ድምፅ በስልክሽ ቀድተሽ በሚሄድ ሰው ለጌትነት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

ሀዲስ


ባሕር ዳር
የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሀዲስ፤

መምሬው የካቲት ሰባት አረፉ።

መብራት አልጠፋም ነበር። ስታቢላይዘሩም ደህና ነበር። ጠዋት አሙቄ ያመጣሁላቸውን አጥሚት ጠጥተው ነበር። እኔ ሱቅ ወርጄ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም፤ ስመለስ ማሽኑ ዝም ብሏል። ማሽኑ ሲቆም የሚጮኸውን ደወል ጩኸቱ ስለረበሻቸው ራሴ ነበርሁ የቆረጥሁት። ይህንንም እወቅልኝ፤ ጥፋቴን አልደብቅም።

ከቀብር መልስ ቦርዱን አወጣሁ። አይሲዋን በመስተዋቱ ላይ አቆምኋት። ስምንቱም እግር ቀጥ ያለ ነው፤ ጥላውም ከእግሩ አልተለየም። መሣሪያችን ‘ደህና ናት’ ይላል። በወረንጦ ጫፍ ነካ ሳደርጋት ሦስተኛዋ እግር ከሥሯ ወጥታ መስተዋቱ ላይ ወደቀች። ያልተሰበረች የመሰለችኝ ለካ ተጠግታ ኖሯል እንጂ ተያይዛ አልነበረም።

ያንተ ደብዳቤ ከትናንት ወዲያ ደረሰኝ። መምሬው ካረፉ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ጌትነትን ጠየቅሁት፤ ‘የሚያስቸኩል ነገር የለም ይላል፣ ሰው እስካገኝ ኪሴ ውስጥ አኖርሁት’ አለኝ። አስቸኳይ ብትለው ኖሮ በስልክ ያነብልኝ ነበር።

ሀዲስ፣ ምንድን ናቸው እነዚህ ነገሮች? ከየት ነው ያመጣሃቸው? ያጠፋሁት እኔ ነኝን? መበየጃዬ አቃጥሎባት ይሆን? በእማሆይ ማሽን ውስጥ የዚህችው አይሲ እኅት አለች። ልንቀላት ብል የምተካው የለኝም፤ በከንቱ ከነቀልሁ በእጄ ገደልኋቸው ማለት ነው። ጥፋቱ ከብየዳዬ ነው ካልኸኝ የእሳቸውን አልነካም። ካልሆነም ንገረኝ። ብቻ ቶሎ መልስልኝ።

የብርጓል


ፔናንግ
መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ለየብርጓል፤ የሞቱትን መምሬ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ቤተ ሰባቸውንም ያጽናልን።

ደብዳቤሽን ካነበብሁ ወር ሊሞላኝ ነው። በየቀኑ እቀመጣለሁ፤ ‘ይድረስ’ ብዬ እተወዋለሁ። ይህን በጌትነት በኩል አልላክሁትም። እዚህ የምትማር ማኅሌት የምትባል ልጅ ለፋሲካ ባሕር ዳር ቤተ ሰቦቿ ዘንድ ትመጣለች፤ አሽጌ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ካንቺና ከየኔታ በቀር ማንም እንዲያነበው አልፈልግም።

ብየዳሽ አይደለም። አይሲዎቹ ከቀይ ሣጥኑ የወሰድኋቸው ናቸው።

ክንዱ ሊበር አራት ቀን ሲቀረው ነበር ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ። አዲስ የሚሸጥ ሱቅ ደወልሁ፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ክንዱን ባዶ እጁን መስደድ አቃተኝ። እናንተ ዘንድ ዋና መሐንዲስ ነኝ፤ እዚህ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል ነው ያለኝ፤ የሣጥኑን ቁልፍ የያዝሁት ለመሣሪያዬ መሞከሪያ ጠማማ ስለሚያስፈልገኝ ነው። አርባ መርጬ ቤቴ ወስጄ ሦስት ቀን ሙሉ በወረንጦ አቃናኋቸው። በመሣሪያዬ አሳለፍኋቸው፤ አለፉ። የዋሸሁሽ አልመሰለኝም፤ ‘አንዲት ጠማማ የለችም’ ስልሽ እውነቴን ነበር። ያየሽው ጭረት የእኔ ወረንጦ ነው።

ሕጉ የብክነት አልነበረም። እግሩ ከገላው በሚወጣበት ሥር ላይ አንዴ የተጣመመ፣ ሲቃና ውስጡ ይሰነጠቃል። የኔ መሣሪያ ቅርፁን ያያል እንጂ ስንጥቁን አያይም። ይህን ያወቅሁት በጥር መጨረሻ ነው፤ አቃንተን ለሙከራ ካናወጥናቸው መቶ አይሲዎች የሠላሳ አንዱ እግር ረገፈ። በዚያ ቀን ነው ‘የሚያስቸኩል ነገር የለም’ ብዬ የጻፍሁልሽ። ጌትነት እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ ዘመድ ሁሉ ‘ሀዲስ ጥራጊ ላከ’ እንዳይል ፈራሁ። እታለም፣ ስሜን አዳንሁ ብዬ ነው።

አዲሶቹን ዛሬ አዘዝሁ። ዛሬ ማለቴ አሁን፣ ይህን ስጽፍ። ለማኅሌት አልደረሱም፤ ነገ ትበራለች።

ባለፈው ደብዳቤሽ የየኔታ ምርቃት አልነበረበትም። ሰምተው ተቆጥተውኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እባክሽ ይህን አንብቢላቸው። ለንስሐ አባት የምነግረውን ለእሳቸው ነው የምነግረው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። መምሬውን የማላውቃቸው ሰው መሆናቸው ሸክሙን አላቀለለልኝም፤ ግን የኔታ ይፍታህ ቢሉኝ እንደገና የምተኛ ይመስለኛል። በእጃቸው አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም።

ሀዲስ


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ

ሀዲስ፤

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለኝም። በዚህ ሳምንት ካህንም ይፍታህ አይልም፤ መልሴን የምጽፍበት ቀን ይገርማል።

ተቀምጠህ አንብበው። ሰው ካለ አጠገብህ ይሁን።

መምሬው የኔታ ናቸው። የሰፈር አዛውንት የሚባል ሰው የለም። ሳንባቸው የታመመው ባለፈው ክረምት ነው፤ ዳታ ሲዘጋ እንዲያውም ‘ለሀዲስ ፊታቸውን ከማሳየት ገላገለን’ ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ። ‘ስደተኛ ብቻውን ነው፣ ክፉ ወሬ አይላክበትም፣ ደረቱን ሲመታ እጁን የሚይዘው የለም’ ብለን ከጌትነት ጋር ተማከርን። እሳቸውም ‘ልጁን አታስደንግጡብኝ’ አሉ። ምርቃታቸውን የላክሁልህ እያንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዱንም አልፈጠርሁም። ከማሽኑ ጋር ተያይዘው አልጋ ላይ ሆነው ነው የመረቁህ። የጥላውን ነገር የነገሩኝም እንደዚያው ሆነው ነው።

መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንጂ በወረቀት አይነገርም። ግን ማንን ልላክብህ? ጌትነት ‘እስኪመጣ እንሸሽገው’ ይላል። አርባቸው ወጥቷል፤ አሁንም ‘እንሸሽገው’ ይላል። እኔ መሸሸግ አንገፈገፈኝ። በመሸሸግ ነው የሞቱት። የማን እስትንፋስ እንደሆነ ብነግርህ ኖሮ ከቀይ ሣጥን ታነሣ ነበር? አታነሣም፤ አውቅሃለሁ። ምን እንደሆኑ ብትነግረኝ ኖሮ በአባቴ ማሽን ውስጥ እተክላቸው ነበር? አልተክልም። አንተ አዋቂ መስለህ ለመታየት፣ እኔ አንተን እንዳላስለቅስ፣ ተቃቅፈን ገደል ገባን። ጭረቱን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አይቼ ማመን የፈለግሁትን አመንሁ። ሁሉንም ለአንተ አላሸክምም።

ግን ተቆጥቻለሁ። ይህን ደብቄ ደህና ነኝ ብዬ አልጽፍልህም። ‘የማላውቃቸው ሰው’ ያልኸውን ቦታ ሳነብ ወረቀቱን ቀድጄ መልሼ ገጣጥሜዋለሁ። የማታውቃቸው ሰው ቢሆኑስ?

አሁን ለቅሶህን ለነገ አቆየውና ስማኝ። ደብዳቤህን ባገኘሁ በማግሥቱ ዕቃ ለጫነ ጀልባ ለምኜ ጎርጎራ ሄድሁ። መሣሪያዬንም መበየጃዬንም ይዤ ነበር። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከማሽናቸው አጠገብ ዳዊት ይደግማሉ። እግርሽን ካላጠብሁ ብለው ተጣሉኝ፤ ‘ሦስት ወር ያስተነፈስሽኝ አንቺ ነሽ’ ይላሉ። ፊታቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አባቴን የገደለችው አይሲ እኅቷ በእርስዎ ማሽን ውስጥ አለች አልኋቸው።

‘ብትነቅያት ምን ትተኪልኛለሽ?’ አሉኝ።

‘ምንም።’

‘ሳትነቀልስ ስንት ቀን ትሠራለች?’

‘አላውቅም እማሆይ። ዛሬም ልትቆም ትችላለች። ወርም ልትቆይ ትችላለች።’

‘እንግዲያ ተያት’ አሉ። ‘እኔ እንደሁ ድሮም አንድ ሐሙስ የቀረኝ ነኝ። ዛሬ ከምሞት ሐሙስ ልሙት። አንቺ ይልቅ አዲሱን እንዲልክ ለወንድምሽ ጻፊለት።’

ደወሉ መኖሩን አይቼ፣ የጎረቤታቸውን ስልክ ተቀብዬ፣ ወረንጦዬን እንኳ ሳላወጣ ተመለስሁ። እንዲህ ያለ ጥገና ሠርቼ አላውቅም። የቀሩትን ሠላሳ ስምንት በመዶሻ አድቅቄ ጥያቸዋለሁ።

ያዘዝኸው ደርሶህ ከሆነ ማሸጊያውን አትክፈት። አትንካው፣ አታቃናው፣ በመሣሪያህም አትየው። ከነማኅተሙ በሚፈጥነው መንገድ ለጌትነት ላከው፤ ላዩ ላይ አስቸኳይ ብለህ በትልቁ ጻፍበት። ለምን እንደሆነም ንገረው፤ እኔ ነግሬዋለሁ፣ ካንተም ይስማ። ከዚያ በኋላ አልቅስ። ለተዝካር መምጣት ከቻልህ ና፤ ደጁ የአጎትህ ደጅ ነው፣ እኔ አልዘጋብህም። አላናግርህ ይሆናል፤ አልጋህን ግን አነጥፋለሁ።

ጎርጎራ በየጠዋቱ እደውላለሁ። የጎረቤታቸው ልጅ ስልኩን ይዛ ትገባና ማሽኑ አጠገብ ታደርገዋለች። ዛሬ ጠዋት ይተነፍሱ ነበር።

የብርጓል